ሁለት ዲስክ ያለው ሁሉ ሁለት ቅጂ የለውም፦ የቤተ ክርስቲያንና የቤተሰብ ቀረጻዎችን እንዴት እንጠብቅ?



በዚህ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በመድረካችን ስለማይነሳ ጉዳይ ላወያያችሁ እወዳለሁ። በየቤታችን የስብከት፥ የመዝሙር፥ የምስክርነት፥ የጥምቀትና የሠርግ ቀረጻዎች አሉ። ጥቂቱ በካሴት፥ ጥቂቱ በሲዲ፥ አብዛኛው ግን ዛሬ በሃርድ ዲስክ ላይ ነው። አንዳንድ ወገኖችም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ትላልቅ ዲስኮች ገጥመው ለቤተሰቡና ለኅብረቱ ሁሉ የሚያገለግል የቤት ሰርቨር አዘጋጅተዋል። መልካም ነው። ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ ያ ዲስክ ነገ ጠዋት ባይነሳ ምን ይቀራችኋል?

ይህን የምጠይቀው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔው ራሴ የከፈልሁት ዋጋ ስላለ ነው።

የሆነው ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ኮላ ድባ በቤቴ ባለ 2 ቴራባይት ሁለት ዲስኮች የተገጠሙለት ኮምፒውተር ነበረኝ። ዲስኮቹ በ«መስተዋት» አሠራር የተያያዙ ነበሩ። በአንዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ በዚያው ቅጽበት በሌላውም ላይ ይጻፋል። በዚያ ላይ ካስቀመጥኋቸው ነገሮች አንዱ በደርግ ዘመን ስለ ወንጌል የታሰሩ አንድ አባት የሰጡን ምስክርነት ነበር። 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። እኝህ አባት ምስክርነቱን በሰጡን በዓመቱ ወደ ጌታ ሄዱ። ልጆቻቸው ለሙት ዓመታቸው መታሰቢያ እንዲሆን ቀረጻውን ጠየቁኝ። «ምንም ችግር የለም፤ በሁለት ዲስክ ላይ ነው ያለው» ብዬ በልበ ሙሉነት መለስሁላቸው።

ስከፍተው ግን የለም። ለካ ከወራት በፊት አንድ ያገለግል የነበረ ወንድም ቦታ ለማስለቀቅ ሲል የተደገመ መስሎት ፎልደሩን ሰርዞታል። መስተዋቱም የታዘዘውን አደረገ፤ ከሁለቱም ዲስኮች ላይ በአንድ ጊዜ አጠፋው። በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ቀረጻ ስለ ተጻፈበት በማስመለሻ ፕሮግራም ብንሞክርም አልተገኘም። ጥፋቱ የዚያ ወንድም አይደለም፤ የእኔ ነው። ሁለት ዲስክ እንጂ ሁለት ቅጂ አልነበረኝም።

በመጨረሻ ከልጅ ልጃቸው ስልክ ሜሞሪ ካርድ ውስጥ 19 ደቂቃ ተገኘ። እርስዋ በዕለቱ ለራስዋ ገልብጣው ነበር። ዛሬ የእኝህ አባት ድምፅ ያለን ያ 19 ደቂቃ ብቻ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ቅጂ ምን ያሳየናል?

ይህ የኮምፒውተር ዘመን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ በአናቶት የነበረውን የአጎቱን ልጅ እርሻ በ17 ሰቅል ብር በገዛ ጊዜ የውሉ ጽሑፍ ሁለት ነበረ፤ አንዱ የታተመ፥ አንዱ የተከፈተ። ሁለቱም ብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ እንዲቀመጡ ባሮክን አዘዘው (ኤር. 32፥ 9-14)። በተከፈተው ይሠራበታል፤ የታተመው ግን ማንም ሳይነካው ይቆያል። ይህን ልዩነት በልባችሁ ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በምዕራፍ 36 ደግሞ ንጉሡ ኢዮአቄም የኤርምያስን ጥቅልል በካራ እየቀደደ በእሳት ጣለው። ሌላ ቅጂ ስለ መኖሩ አናነብም፤ የዳነው ተናጋሪው ኤርምያስና ጸሐፊው ባሮክ በሕይወት ስለ ነበሩና እግዚአብሔር እንደ ገና እንዲጽፉት ስላዘዛቸው ነው (ኤር. 36፥ 27-32)። የእኛ አባቶች ግን ከሞቱ በኋላ ምስክርነታቸውን እንደ ገና አይነግሩንም።

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። አባ አብርሃም ወይም አቡ ሩሚ የተባሉት የጎጃም ሰው ካይሮ ተቀምጠው ለ10 ዓመታት ያህል ደክመው መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ መለሱት። ጽሑፉ 9,539 ገጽ ነበረ። ሥራው ካለቀ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ዊልያም ጆዌት የተባለው ሚሲዮናዊ በ1820 እ.ኤ.አ. የእጅ ጽሑፉን ለብሪታንያና ለውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፥ አዲስ ኪዳን በ1829፥ መላው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ታተሙ። ከዚያ ወዲህ ያንን ድካም አንድ እሳት ወይም አንድ የመርከብ አደጋ ሊያጠፋው አይችልም ነበር፤ በብዙ ሰው እጅ ገብቷልና።

የእኛ አካባቢ ደግሞ የተቃራኒውን ያውቃል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች እዚሁ ደምቢያ ሳር ውኃ ላይ ድል አድርገው ጎንደር ሲገቡ ከተማይቱንና ብዙዎቹን አብያተ ክርስቲያናትዋን አቃጠሉ። በዚያ እሳት የተበላ ሌላ ቅጂ ያልነበረው ነገር አብሮ ሄደ።

ከምን እንጠብቀው? አምስቱ አደጋዎች

ሰርቨር ከማቀዳችን በፊት አደጋዎቹን ለይተን እንወቅ፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንምና።

1. ዲስኩ መሞቱ። ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስለ ዲስኮቹ በየጊዜው በሚያወጣው ዘገባ በዓመት ከ100 ዲስኮች በአማካይ 1 ወይም 2 ያህሉ ይበላሻሉ። ይህም መብራት በማይቋረጥበትና ቅዝቃዜው በሚጠበቅበት ቤት ነው። አቧራና የመብራት መሄድ መምጣት ባለበት ቤት ከዚያ የተሻለ አትጠብቁ።

2. ስረዛና ቫይረስ። በፍላሽ የሚዛመት ቫይረስ፥ የተሳሳተ ጣት፥ የልጆች ጨዋታ።

3. የመብራት አደጋ። ድንገት መቋረጥ፥ ኃይሉ ጨምሮ መምጣት፥ መብረቅ። ይህ ሁለቱንም ዲስክ በአንድ ጊዜ ሊያቃጥል ይችላል።

4. ስርቆት፥ እሳትና ውኃ። ሌባ ኮምፒውተሩን ሲወስድ አንዱን ዲስክ መርጦ አይተውልንም።

5. ዝም ብሎ መበላሸት። ፋይሉ ስሙ አለ፥ መጠኑም አለ፤ ሲከፈት ግን ይቆራረጣል። ማንም ሳያውቀው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ዲስኮችን ማያያዝ፥ ማለትም በባለሙያዎቹ አጠራር «ሬይድ» የሚባለው፥ በዋናነት የሚፈታው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኔ ያልገባኝም ይኸው ነበር።

ሬይድ ምንድር ነው?

ስሙ የወጣው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፓተርሰን፥ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ባቀረቡት ጥናት ነው። አሳባቸው ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አስተባብሮ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ ማሠራት ነበር። ለቤት የሚያስፈልጉን ሦስቱ ናቸው።

ሀ. መስተዋት (ሬይድ 1)። ሁለት ዲስክ፥ አንድ ይዘት። ባለ 4 ቴራባይት ሁለት ዲስክ ብትገዙ የምትጠቀሙት 4 ቴራባይት ነው። አንዱ ቢሞት ሌላው ሳይቋረጥ ይሠራል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ለማንበብም ከሌሎቹ ይሻላል።

ለ. ሬይድ 5። ቢያንስ ሦስት ዲስክ ይፈልጋል። የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለማካካሻ ይውላል። አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች 12 ቴራባይት ይሰጣሉ። ማካካሻው እንዴት ይሠራል ብትሉ፥ በአንዱ ዲስክ 5፥ በሌላው 3 ተጽፎ በሦስተኛው ድምራቸው 8 ተጽፏል እንበል። 3 የተጻፈበት ቢጠፋ ከ8 ላይ 5 ቀንሰን እናገኘዋለን። ሁለት ቢጠፉ ግን የሚቀነስ የለም።

ሐ. ሬይድ 6። ቢያንስ አራት ዲስክ። የሁለት ዲስክ ቦታ ለማካካሻ ይሄዳል፤ ሁለት ቢሞቱም ይተርፋል። አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች 8 ቴራባይት ይሰጣሉ።

ሬይድ 5 ብዙ ቦታ ስለሚሰጥ ዓይን ይስባል። ነገር ግን አንድ ዲስክ ሞቶ አዲስ ሲተካ ኮምፒውተሩ የቀሩትን ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ነው የጠፋውን የሚያሰላው። አንድ ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢሠራ ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሰው እየተጠቀመበት ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። በዚህ መካከል ሁለተኛ ዲስክ ቢታመም ሁሉም ይጠፋል። ብዙ የቤት ዲስኮች አምራቾቻቸው በሚሰጡት ወሰን 12.5 ቴራባይት ሲነበብ አንድ የማይነበብ ቦታ ሊያጋጥም ይችላል፤ በተግባር ብዙ ጊዜ ከዚህ የተሻሉ ቢሆኑም፥ ባለ 4 ቴራባይት አራት ዲስኮች ያሉት ሬይድ 5 ለጥገና 12 ቴራባይት ማንበብ እንዳለበት አስቡ። ደግሞም መብራት በመጻፍ ላይ እያለ ቢሄድ ይዘቱና ማካካሻው ሳይስማሙ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ መብራት በሚመላለስበት ቦታ ለቤት አገልግሎት ምክሬ መስተዋት ነው።

ስንት ቦታ ያስፈልገናል?

ዲስክ ከመግዛታችን በፊት ቁጭ ብለን እናስላ። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ኪሳራውን እንደሚቆጥር ጌታ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥ 28)።

የአንድ ሰዓት ድምፅ ሳይጨመቅ በሲዲ ጥራት 635 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ባለ 60 ደቂቃ 200 ካሴት ቢገለበጥ 127 ጊጋባይት ይሆናል። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በሰከንድ 8 ሜጋቢት ቢቀረጽ 3.6 ጊጋባይት ነው። በየእሑዱ 2 ሰዓት ብትቀርጹ በዓመት 374፥ በ5 ዓመት 1,870 ጊጋባይት ገደማ ይደርሳል። ለቤተሰብ ፎቶ፥ ለሠርግና ለመዘምራን 500 ጊጋባይት ብንጨምር ጠቅላላው ወደ 2.5 ቴራባይት ነው። ዲስክ ከ80 በመቶ በላይ ባይሞላ ይመረጣል፤ ስለዚህ 3.1 ያስፈልጋል። ባለ 4 ቴራባይት ይበቃል ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ 3.6 ብሎ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው እንጂ አልተታለላችሁም።

በገንዘባችን ልክ እናቅድ

አሁን ወደ ኤርምያስ ሁለት ጽሑፎች እንመለስ። የተከፈተው የምንሠራበት ነው፤ የታተመው ማንም የማይነካው ነው። መስተዋት ሁለቱንም የተከፈቱ ያደርጋቸዋል። የታተመ ቅጂ፥ ማለትም ባክአፕ፥ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ የሚቀመጥ ነው።

ለሁለት ዲስክ ብቻ ገንዘብ ያለው፦ መስተዋት አይሥራ! ይህ ብዙዎችን ይገርም ይሆናል። አንዱን ዲስክ ይሥራበት፤ በሁለተኛው ላይ በየሳምንቱ ገልብጦ ነቅሎ በሌላ ሰው ቤት ያስቀምጥ። ዲስክ ቢሞት የሳምንት ሥራ ይጠፋ ይሆናል፤ የ20 ዓመት ሥራ ግን አይጠፋም። እኔ ያኔ ይህን አድርጌ ቢሆን የእኝያ አባት ድምፅ ዛሬ በእጃችን በሆነ ነበር።

ለሦስት ዲስክ አቅም ያለው፦ አንዱን ይሥራበት፤ ሁለቱን በተራ ይገልብጥባቸው። አንዱ ቤት ሲሆን ሌላው ውጭ ይሁን፤ በየወሩ ይለዋወጡ። ሁለቱ በአንድ ቀን በአንድ ቤት አይደሩ። ስረዛ ወራት ቆይቶ ሊታወቅ ስለሚችል ሲገለብጥ አሮጌውን አያጥፋ፤ የጎደለ ፋይል ቢያይ አስቀድሞ ምክንያቱን ይጠይቅ።

ለአራት ዲስክ አቅም ያለው፦ ሁለቱን መስተዋት ያድርግ፤ ሁለቱን በተራ ባክአፕ ይጠቀም። ለኅብረት አገልግሎት የሚመች ይህ ነው፤ እሑድ ጠዋት አንድ ዲስክ ቢሞት እንኳ አገልግሎቱ አይቋረጥም።

ባለሙያዎቹ ይህን 3-2-1 ይሉታል፦ ሦስት ቅጂ፥ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፥ አንዱ ከቤት ውጭ። ኮላ ድባ ላለ ሰው «ከቤት ውጭ» ማለት ጎንደር ወይም አዘዞ ያለ የታመነ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ጎንደር ላለው ደግሞ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ።

«ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋለሁ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ለተመረጡት ጥሩ ነው። ነገር ግን የአንድ ዓመቱን 374 ጊጋባይት በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ብትጭኑት ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ ከ8 ቀን በላይ ይወስዳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረም አንረሳውም። ስለዚህ ይጨመር እንጂ ብቸኛ መታመኛ አይሁን።

በሥራ ላይ ልብ የምንላቸው

1. ሁለት ዲስክ ስትገዙ ከተቻለ ከተለያየ ሱቅ ወይም ከተለያየ ጊዜ ምርት ይሁን። አብረው የተወለዱ አብረው ሊሞቱ ይችላሉ። ሻጩንም ለሰርቨር የሚሆን፥ ሌሊትና ቀን የሚሠራ ዲስክ እንደ ሆነ ጠይቁ።

2. ዩፒኤስ ሳትገዙ ሰርቨር አትጀምሩ። የሚያስፈልገው ሙሉ ሌሊት እንዲያቆያችሁ ሳይሆን ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት 10 ደቂቃ እንዲሰጣችሁ ነው። መብረቅ ባለበት ክረምት ባክአፑ ሁልጊዜ ከሶኬት የተነቀለ ይሁን።

3. ዲስኮቹን በኮምፒውተሩ ፕሮግራም አያይዙ እንጂ በርካሽ የሬይድ ካርድ ላይ አትታመኑ። ካርዱ ሲበላሽ ተመሳሳዩን ማግኘት ይቸግራል። ኦፕን ሚዲያ ቮልትና ትሩናስ የተባሉት ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው።

4. ዲስኮች ስለ ጤናቸው የሚናገሩበት «ስማርት» የሚባል መመርመሪያ አለ። በወር አንድ ጊዜ ተመልከቱት። የማይነበብ ቦታ ቁጥር መጨመር ከጀመረ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ዲስኩን ቶሎ ቀይሩ።

5. ለአምስተኛው አደጋ፥ ለዝምታው መበላሸት፥ ዜድኤፍኤስ የተባለው አሠራር ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ማረጋገጫ ቁጥር ይይዛል። በወር አንዴ ሁሉን አንብቦ ቁጥሩን ያመሳክራል፤ በመስተዋቱ አንዱ በኩል የተበላሸ ቢያገኝ ከደኅናው በኩል ያድሰዋል።

6. በ6 ወር አንድ ጊዜ ከባክአፑ ላይ አንድ ስብከት መልሳችሁ ክፈቱ፤ እስከ መጨረሻውም አድምጡት። ተፈትኖ ያልተከፈተ ባክአፕ ተስፋ እንጂ ቅጂ አይደለም።

7. የመሰረዝ ሥልጣን ለሁሉ አትስጡ። ወጣቶቹ ያዳምጡ፥ ይገልብጡ፤ የሚሰርዝ ግን አንድ ሰው ይሁን።

8. የምክር አገልግሎት ምሥጢርና የሰው ገመና በጋራ ሰርቨር ላይ አይቀመጥ። ደግሞም የዘማሪዎችን ሥራ ለማስቀመጥ መገልበጥና ያለ ፈቃዳቸው ማከፋፈል አንድ አይደሉም፤ ሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋልና (1 ጢሞ. 5፥ 18)።

«ሀብታችሁን በምድር አትሰብስቡ» ተብሎ የለምን?

አንዳንድ ቅዱሳን ይህን ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው (ማቴ. 6፥ 19-20)። ዲስክም ከብልና ከዝገት፥ ከሌባም አያመልጥም። መታመኛችን እርሱ አይደለም። እኝያ አባት በጌታ ዘንድ ስማቸው የታወቀው ድምፃቸው በኮምፒውተሬ ስላለ አልነበረም፤ ስለ ጠፋም አልተረሱም።

ነገር ግን የእግዚአብሔርን ሥራ ለሚመጣው ትውልድ እንድንነግር ታዝዘናል (መዝ. 78፥ 4)። በ1969 ዓ.ም. መጋቢት 3 ቀን ደርግ ብሥራተ ወንጌል ራዲዮን ሲወርስ፥ በኋላም አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉና ንብረታቸው ሲወሰድ የነበሩ ምስክሮች ዛሬ አርጅተዋል። እኛ ካልቀረጽን፥ ቀርጸንም ካልጠበቅን ልጆቻችን ከማን ይሰማሉ? ማስቀመጡ ሀብት ማከማቸት ሳይሆን አደራ መጠበቅ ነው። አደራ ደግሞ በአንድ ሰው ቤት፥ በአንድ ሣጥን ውስጥ አይታሰርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የተረፈችው 19 ደቂቃም የተረፈችው አንዲት ልጅ ተካፍላ ስለ ወሰደች ነው።

እንግዲህ፥ ወገኖቼ፥ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ተነሡና አንድ ነገር አድርጉ። በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ የሌለውን አንድ ቀረጻ ምረጡ፤ የእናታችሁን ጸሎት፥ የአንድ ሽማግሌን ምስክርነት። ዛሬ ማታ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡት፤ የፊታችን እሑድም ለአንድ ለታመነ ሰው ስጡት። የሰርቨሩ ዕቅድ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። አሜን።